ክደኚው ያልኩሽ ድስት

ቡሬ፣ የካቲት ፩ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ውድ እኅቴ ንግሥቴ፥

ይህን ደብዳቤ አንቺው ራስሽ አንብቢው። ለአባ ወልደ ገብርኤል አትስጫቸው፣ ዲያቆንም ጠርተሽ አታስነብቢ። ማንበብ እንደምትችይ አውቃለሁ። አባታችን እኔን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ዳዊት ሲያስደግመኝ አንቺ ከግድግዳው ወዲያ ጥጥ እየፈተልሽ ትሰሚ ነበር። እኔ ስሳሳት እንዝርትሽ ይቆማል። እንዝርቱ ሲቆም ተመልሼ አስተካክላለሁ፤ አባታችን ደግሞ «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ራሱን ያርማል» ይለኝ ነበር። ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማያውቅ ሰው መስዬ ኖርኩ። የመሪጌታው እኅት ከመሪጌታው ትበልጣለች እንዳይባል ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጤናዬን ብትጠይቂ ከወገቤ በላይ ደኅና ነኝ። ድምፄም እንዳለ ነው፣ ቁጣዬም እንዳለ ነው፤ ስድስት ሆነን በታጎርንበት ቤት አምስቱን ስቆጣ እውላለሁ። ከወገቤ በታች ያለውን ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

ጣልያኖች እንዴት እንደወሰዱኝ ቆመሽ አይተሻል። ከየደብሩ አንድ አንድ ሰው መያዣ ሲለቅሙ ከሾላ ሚካኤል እኔን አነሱ፤ የሾላ ሰው ለአርበኛ ስንቅ ካቀበለ መሪጌታው ይሰቀላል አሉ። ያ የመስቀል ማግስት ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቡሬ ምሽግ ውስጥ ነኝ። ቤቱ ድንጋይ ነው፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ቀን ያነድዳል። በግድግዳው አንድ ቀዳዳ አለች፤ በእሷ ሳይ የሽንዲ መንገድ ቁራጭ ይታየኛል። ገበያተኛ ከወዲህ ብቅ ይልና ሦስት እርምጃ ሄዶ ከወዲያ ይጠፋል። ወደ እናንተ የሚወስደው መንገድ ይኸው ነው፣ እኔ ያለችኝ ሦስት እርምጃ ናት። ወረቀቱን እንዳትደነግጪበት፣ በጀርባው ያለው የጣልያን አዋጅ ነው። እጄ ጽሕፈት ይችላል ብለው አዋጅ ያስገለብጡኛል፤ ከተበላሸው ቅጂ ላይ ነው የምጽፍልሽ።

የምጽፍልሽ ስለ ጓያ ነው። አትሳቂ። ወይም ሳቂ፣ መብትሽ ነው።

አምና ገብሱን አውድማ ላይ ሲያቃጥሉት፣ ከብቱንም ሲነዱት፣ የቀረልን ከጥቁሩ አፈር ላይ ገና እርጥብ የነበረው ጓያ ብቻ ነበር። ጓያ ደግ እህል ነው፤ ዝናብ ቢቀርበት ይታገሳል፣ በሬ ባይኖርም አንዴ ጫር ጫር ተደርጎ ይበቅላል። ሁዳዴን በጓያ ፆምን፣ ፋሲካንም በጓያ ፈታን። ንፍሮው ጓያ፣ ሽሮው ጓያ። በግንቦት የባዬ የበኩር ልጅ ከእርሻ ሲመለስ ጉልበቱ ከዳው። ከዚያ ሁለት ሆኑ፣ ከዚያ አምስት፤ ሁሉም ጎረምሶች። የኔ ጉድ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሽማግሌዎቹ የሚሉትን ታውቂያለሽ። የጓያ እንፋሎት ያገኘው ሰው ይሰበራል ይላሉ፤ አባታቸውም፣ ያባታቸውም አባት እንደዚያው ይሉ ነበር። እኔ አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አልመረመርኩም። ሕዝቡ እንዲነቃ፣ እንዲጠነቀቅ ፈለግሁ፤ ይህስ እውነት ነው። ግን ከዚያ በላይ ግጥሜን ወደድኳት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹን በሾላው ጥላ ሰብስቤ ዜማ ሰጥቼ አስተማርኳት፦

ድስቱን ክደኚው፣ ምረጊው በሊጥ፣
የጓያ እንፋሎት ጉልበት እንዳይቆርጥ።

በሳምንቱ ምንጭ የወረደች ልጃገረድ ሁሉ ይህንኑ ትላለች። በወሩ ሽንዲ ገበያ ተሰማች። ደምበጫ ድረስ ሄዳለች ብሎ አንድ የጨው ነጋዴ ሲነግረኝ እንዴት ያለ ኩራት እንደኮራሁ አትጠይቂኝ። ቅኔ ዘርፌ ያላገኘሁትን ስም በድስት ክዳን አገኘሁት።

ምን እንዳደረግኩ አሁን ነው የገባኝ። ሴቶቹ እንፋሎቱን ፈርተው ድስቱን በሊጥ መረጉት። ከተመረገ ወዲያ መሃል ላይ ከፍቶ ውኃውን የሚደፋ ጠፋ፤ ቀድሞ ዘፍዝፈው የሚደፉ የነበሩት እንኳ «መሪጌታ ክደኑ ብለዋል» ብለው ተዉት። ሰውም ከእንፋሎቱ ካመለጥን ምን ቀረን ብሎ ያለ ስጋት በላው፣ መረቁንም ጠጣው። የሚፈራ ሰው ጥቂት ይበላል። እኔ ፍርሃቱን ወስጄ በተሳሳተ ቦታ አስቀመጥኩላቸው።

ከዚያ የልጅሽ የክንዱ ነገር መጣ።

ሞፈር ተሸክሞ ዳገት የሚሮጥ ልጅሽ በሰኔ ተረከዙ መሬት አልነካ አለው። ጉልበቱ ከጉልበቱ እየተጋጨ በጣቱ ጫፍ መራመድ ጀመረ። እኔን ጠርታችሁ መጣሁ። ዘመድ ተሰብስቧል፣ ክንዱ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ምን አልኩ? አየሁት፣ ከዚያ ወደ አንቺ ዞሬ፦

«ድስቱን ሳትመርጊው ቀርተሽ ነው» አልኩ።

«መርጌዋለሁ፣ አያ» አልሽኝ።

በሰው ፊት ሁልጊዜ «መሪጌታ» እና «እርስዎ» ነው የምትይኝ። አያ ያልሽኝ ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም «እንግዲህ ሰንጥቆ ወጥቶ ይሆናል፣ ሴት ልጅ ሥራዋ ችኮላ ነው» ብዬ ተነሳሁ። ግጥሜ ከምትዋሽ እኅቴ ብትዋሽ መረጥኩ። ክንዱም ሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ከእጅሽ አልበላም ብሎ አክስቱ እማዋይሽ ቤት መግባቱን እኔ ከመያዜ በፊትም አውቅ ነበር። አንድ ቃል ተናግሬ ልመልሰው እችል ነበር፤ ዝም አልኩ። ያፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ እኔ ግን ለማሸት እንኳ እጄን አልዘረጋሁም።

ያኔ አኩርፈሽ ዝም ያልሽ መስሎኝ ነበር። አንቺ ለካ ክረምቱን ሙሉ እንዝርትሽን ይዘሽ ቤት ለቤት ትዞሪ ኖሯል። ምን በላችሁ፣ በምን ቀላቀላችሁ፣ ውኃውን ምን አደረጋችሁ እያልሽ። ሃያ ሰባት ቤት። ሰንበቴ ላይ ያንን የክር ጥቅል ከመቀነትሽ አውጥተሽ በሰዉ ፊት ስትዘረጊው ምን እንደሆነ ጭራሽ አልገባኝም። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ክር ነበር። ጓያ ብቻ ከነውኃው የበላ ቤት ጥቁር የበግ ፀጉር ክር፣ ዘፍዝፎ ውኃውን የደፋና ገብስ የጨመረ ቤት ነጭ የጥጥ ክር፤ ሰው የተሰበረበት ቤት ደግሞ በተሰበረው ሰው ልክ ቋጠሮ አለው። ቋጠሮው ከሞላ ጎደል ሁሉም ከጥቁሩ ላይ ነበር። ነጩ ልሙጥ ነበር። የሀብትነሽ ክር ነጭ ነበር። ያች ድኻ፣ ውኃውን የምትደፋው ይመረኛል ብላ ነው፣ አራቱም ልጆቿ ይሮጣሉ።

«እንፋሎቱ አይደለም፣ መሪጌታ» አልሽኝ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ። «ሁላችንም መርገናል። የሚሰብረው የምንበላው ነው። አይተው ይፍረዱ።»

እኔ አላየሁም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» አልኩና ጽዋዬን አነሳሁ። ሰዉ ሳቀ። ሀብትነሽ እንኳ ሳቀች። አንቺም ክሩን ጠቅልለሽ መልሰሽ ከመቀነትሽ አስገባሽው።

ያን ጊዜ ማንበብ የምትችል ሴት ለምን በክር ቆጠረች ብዬ አልጠየቅኩም። መልሱን ያገኘሁት እዚህ ታጉሬ ነው። ብትጽፊው ኖሮ የሚያነበው አባ ወልደ ገብርኤልና እኔ ነበርን። ክሩን ግን ማንኛዋም ሴት ታነበዋለች።

አሁን ከወገቤ በታች ወዳለው ልምጣ።

እዚህ በቀን ሁለት ጊዜ የጓያ ንፍሮ ይሰጡናል። ማብሰያ ቤቱ ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ፣ ከድንጋይ ግንብ ኋላ ነው፤ ነፋሱም ወደ ገደሉ ይነፍሳል። ንፍሮው ከነውኃው በባልዲ ተቀድቶ ሲደርስ ቀዝቅዞ ነው፣ ጠል እንደነካው ድንጋይ። ከመስቀል ወዲህ የጓያ እንፋሎት በአፍንጫዬ አልዞረም፣ እምልልሻለሁ። በታኅሣሥ አንድ ጠዋት ለጸሎት ስነሳ ተረከዜ እምቢ አለኝ። ደነዘዘ ብዬ አሸሁት። በሳምንቱ ጉልበቴ ከጉልበቴ ተጋጨ። ግድግዳ ይዤ ቆሜ ወደ ታች አየሁ፣ ያየሁት የክንዱን እግር ነበር።

ከእኛ ጋር አድማሴ የሚባል የቡሬ ነጋዴ አለ። ሚስቱ በየቀኑ የገብስ እንጀራ ታመጣለታለች፣ ንፍሮውን አይነካም። መጀመሪያ ሰሞን «መሪጌታ፣ ይቁረሱ» ብሎኝ ነበር። እኔ የነጋዴ እንጀራ አልለመድኩም ብዬ ኮራሁበት፣ ሰውየውም ሁለተኛ አልደገመልኝም። አድማሴ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ግቢውን አምስቴ ይዞራል። ንፍሮውን ከምንበላው ከአምስታችን ግን፣ ሁለቱ ጎረምሶች በምርኩዝ ናቸው፣ እኔም ሦስተኛ ነኝ። አንቺ ሃያ ሰባት ቤት ዞረሽ ያገኘሽውን እግዜር አንድ ቤት ውስጥ ቆልፎ አሳየኝ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው አይደል የሚሉት።

የሚያንገበግበኝ እግሬ አይደለም። አቻምየለሽ የምትባል ሴት አለች፣ ምግባችንን የምታበስል፣ የሽንዲ ልጅ ናት። ባልዲውን ስታመጣ ወሬ ታቀብለናለች። ባለፈው ሳምንት የሾላ ሰው ጓያውን እያስገባ ነው አለችኝ፤ ዘንድሮም ገብሱ አልተዘራም፣ ሁዳዴን የሚበላው ጓያ ብቻ ነው አለች። ከዚያ ባዶ ባልዲዋን ይዛ ስትመለስ እየዘፈነች ሄደች። ምን ትዘፍን ይመስልሻል? «ድስቱን ክደኚው፣ ምረጊው በሊጥ።» የገዛ ግጥሜ ግንብ ዘልላ መጥታ ከእስር ቤቴ አገኘችኝ።

በማግስቱ ያዝኳት። ድስቱን አትመርጊው፣ ውኃውን ድፊው አልኳት።

«ኧረ አባቴ፣ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ እኮ ናቸው ያሉት» አለችኝ። «ከእሳቸው እርስዎ ይበልጣሉ?»

«ወልደ ዮሐንስ እኔ ነኝ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። «እሳቸው እንዲህ እግራቸውን ይጎትታሉ እንዴ? የእንፋሎቱን ምሥጢር ያወቁት ሰው?»

ስንት ዓመት ጉባኤ ዘርግቼ ተከራክሬያለሁ፣ ያን ቀን ግን ንግግሬን ተውኩት። ግድግዳውን ለቅቄ፣ ምርኩዝ ሳልይዝ፣ ከደጃፉ እስከ ባልዲው ድረስ ተራመድኩላት። ስምንት እርምጃ ናት። ሁለቴ ወደቅኩ። «ማብሰያ ቤትሽ አጠገብ አንድ ቀን አይተሽኝ ታውቂያለሽ?» አልኳት። አላየችኝም። ሌሎቹን ሁለት ጎረምሶች አየች፣ አድማሴን አየች። ፊቷ ተለወጠ፣ ባልዲውን አንስታ ሄደች። በማግስቱ ንፍሮው ውኃው ተደፍቶ መጣ። ያ ግጥም ግን ካፏ አልጠፋም፤ ውኃውን እየደፋችም ድስቱን ክደኚው ትላለች። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ እሷ ናት፣ ለቅበላ ወደ እናቷ ስትሄድ። ምግብ ስጫት፣ ሩቅ መጥታለች።

እንግዲህ አሳቤን ስሚኝ። የመጨረሻው ነው።

ከገና ወዲህ የጣልያኑ ሹም ሁለት ጊዜ አስጠርቶኛል። አስተርጓሚው እንዲህ አለኝ፦ «የቅበላ እሑድ ሾላ ሚካኤል ደጅ ቆመህ ጠመንጃ አስረክቡ የሚለውን አዋጅ ታነባለህ። ስትመለስ ከዚህ ቤት ወጥተህ በከተማው ጎጆ ይሰጥሃል፣ የእኛ ጸሐፊ ትሆናለህ።» ሁለቴም እምቢ አልኩ። ሦስተኛው ከሆነ ገመዱ ነው አለኝ። እግሬ አይችልም ስለው በበቅሎ ትሄዳለህ አለ።

መጀመሪያ ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረው። እሄዳለሁ፣ አዋጁን ጥዬ «ወገኖቼ፣ ውኃውን ድፉ» ብዬ እጮኻለሁ አልኩ። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን የጠላት በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ያላችሁን አንድ እህል ተጠንቀቁ ቢላችሁ ምን ትላላችሁ? በረሃብ ሊጨርሰን ነው ትላላችሁ። እውነት ትሁን ሐሰት፣ ከዚያ በቅሎ ላይ የወጣ ቃል ሁሉ የጣልያን ነው። እዚህ ብቀር ግጥሜ ትገድላችኋለች፤ ብመጣ አፌ አይታመንም። ሁለት ቀን በዚህ መሃል ተቀርቅሬ ዋልኩ። 

ያወጣኝ አንድ ነገር ትዝ ማለቱ ነው። ያ ቀድሞ በየሠርጉ የሚወደስ ሹማችን ለጣልያን በገባ ጊዜ ዘፈኑ ምን ሆነ? በሳምንት ውስጥ ከአገር ጠፋ። ማንም አትዝፈኑ አላለም፤ አፉን የሚያቆሽሸው መሰለው ሁሉም። ግጥምን ክርክር አይገድለውም፣ ንግሥቴ። የባለቤቱ ስም ሲከረፋ ነው የሚሞተው።

ስለዚህ ትናንት እሺ አልኩ።

እሑድ እመጣለሁ። የሾላ ሰው ያን ሰምቶ ጠመንጃ እንደማያስረክብ አውቃለሁ፣ እነሱ ብቻ ናቸው የማያውቁት። አዋጁን በደንብ አድርጌ አነበዋለሁ፣ ማንም እንዳይጠራጠር፣ አንዲት ቃል አልውጥም። ከዚያ በፊት ግን ከሾላው ዛፍ ሥር እወርዳለሁ። በቅሎ ላይ ሆኖ የሚካኤልን ደጅ የሚያልፍ ክርስቲያን የለም፤ አጅበውኝ የሚመጡት የጣልያን ቅጥር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹም፣ ግማሾቹ ክርስቲያን ናቸውና አይከለክሉኝም። ከዛፉ እስከ ደጀ ሰላሙ አርባ እርምጃ ይሆናል። ማንም እንዲደግፈኝ አልፈቅድም። አንቺም እንዳትሮጪልኝ። ብወድቅም ቁሚ። ክንዱን ከነምርኩዙ ከፊት አስቁሚልኝ፣ እኔን ሲያዩ እሱን እንዲያዩ።

ባንዳ ይሉኛል። ይበሉ። የሚተፋ ይኖራል፣ ሊመታኝ የሚነሳም አይጠፋም፤ አትከራከሪላቸው። እግዜር በክህደቱ ቀሰፈው ይላሉ። ይኼኔ ብቻ ተናገሪ፦ «እሱንስ ቀሰፈው፣ ክንዱን በምን ኃጢአቱ ቀሰፈው?» በይ። አቻምየለሽን ጥሪያት፣ አምስት ወር ሙሉ ድስት አጠገብ እንዳልደረስኩ ትመስክር። አስካሪዎቹ ሲርቁ ያን ክር ከመቀነትሽ አውጪው። ጥለሽው እንደማታውቂ እርግጠኛ ነኝ። ሴቶቹ በእጃቸው ይዳስሱት፣ የየቤታቸውን ክር ይፈልጉት። ሰኞ የፆሙ የመጀመሪያ ድስት ይጣዳል፤ ከዚያ በፊት መሆን አለበት።

ዜማውን አትለውጪ፣ አንዴ ጆሯቸው ውስጥ ገብቷል። ቃሉን ብቻ ለውጪ። እንዲህ ብትይስ፦

ድስቱን ክፈቺው፣ ውኃውን ድፊ፣
ገብስ ጨምሪበት፣ ጉልበት አትርፊ።

ይህችን እኔ ገጠምኳት ብለሽ እንዳታስተምሪ። የአንቺ ናት በያቸው፣ የአንቺም ናት። ስንኙ ካልጣመሽ አስተካክይው፤ አንቺ እርማት ታውቂበታለሽ። ገብሱ ከየት ይመጣል ትይኝ ይሆናል። እኔም አላውቅም። ዳጉሳም ይሁን ማሽላ፣ ጭብጥም ቢሆን ትግባበት፣ ዋናው ጓያው ብቻውን እንዳይሆን ነው። ጎረምሶቹን ቅድሚያ አስቢላቸው። የተሰበረው አይድንም ይሆናል፣ እኔ ይሻላል ብዬ አላታልልሽም፤ ያልተሰበረው ግን እንዳለ ነው።

ሴት ብታውቅ ያልኩትን ቀን ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። የሳቁት ሰዎች ስንት እንደነበሩ ሳይቀር ፊታቸውን እቆጥራለሁ። ብትችይ ይቅር በይኝ፤ ባትችይም እሑድ መጥተሽ ቁሚ።

ካነበብሽው በኋላ ይህን ወረቀት እሳት ውስጥ ክተችው። ባንዳ እንዳልነበርኩ የሚያውቅ ከአንቺና ከዚህ ወረቀት በቀር የለም፣ አውቃለሁ። ልብሽ አያመንታ። ወንድሜ እኮ ቅን ነበር ብለሽ ማስረዳት የጀመርሽ ቀን እኔም እነሳለሁ፣ ያች ግጥም አብራኝ ትነሳለች። ልጆቹ ጎልምሰው፣ ጣልያንም ወጥቶ፣ ግጥሟ ከተረሳች በኋላ የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ። ያኔም ባታደርጊው አልቀየምሽም።

ከማቃጠልሽ በፊት ግን እማዋይሽ ቤት ሂጂ። ክንዱን ለብቻው አድርጊና ከዚህ በታች ያለችውን ራስሽ አንብቢለት። እናቱ ማንበብ እንደምታውቅም በዚያው ይወቅ።

ክንዱ፣ ልጄ፤ እናትህ ድስቱን መርጋው ነበር። እኔ እንዳልኳት በሊጥ፣ ዙሪያውን፣ አንዲት ቀዳዳ ሳታስቀር መርጋው ነበር። የሰበረህ የእኔ ትምህርት ነው። ተነሥና ከእጇ ብላ።

አጎትህ፣ ወንድምሽ
ወልደ ዮሐንስ